ቹ ኤን ላይ፦ በአስመራ በኩል የገቡት እንግዳ

ጥር 21 ቀን 1956 ዓ.ም. የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ ኢትዮጵያ ገቡ። የገቡት ግን አዲስ አበባ ሳይሆን አስመራ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከመናገሻ ከተማቸው ወጥተው እዚያው ተቀበሏቸው። ምክንያቱ ብዙ የሚያመራምር አልነበረም። ኢትዮጵያ ለቤጂንግ መንግሥት ገና ዕውቅና አልሰጠችም። የጦር መሣሪያዋም ሆነ ዋነኛው ዕርዳታዋ የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ የዚህን ሰው መምጣት አልወደደችውም። እንግዳን አትምጣ ማለት ነውር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አድምቆ መቀበል ደግሞ ወዳጅን ማስቀየም ነው። ለሁለቱም የምትሆን መሀል ቤት ስትፈለግ አስመራ ተገኘች።

የቦታው ምርጫ ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበረው። የአሜሪካ ጦር በአስመራ ቃኘው የሚባል ትልቅ የሬዲዮ ጠለፋ ጣቢያ ነበረው። ስያሜው የተወሰደው በኮሪያ ጦርነት ከቻይና ወታደሮች ጋር ፊት ለፊት ከተዋጋው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትርም፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም እኚሁ እንግዳ ነበሩ። ይህን ሁሉ ሳያውቁ አልቀሩም። ጉብኝታቸውን ግን አልሰረዙም። ሲሸኙም ሁለቱ አገሮች በቅርቡ ግንኙነታቸውን መልክ እንደሚያስይዙ የሚገልጽ የጋራ መግለጫ ወጣ። ያ “በቅርቡ” ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ፤ ግንኙነቱ የተመሠረተው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ቻይናን ከአፍሪካ ጋር አያይዞ የሚያወራ ሰው የሚጀምረው ከገንዘቡ ነው። የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ፣ በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ፣ በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ይነሳሉ። ቻይና በ2009 አሜሪካን ቀድማ የአፍሪካ ትልቋ የንግድ ሸሪክ መሆኗም ይወሳል። ለዚህ ሁሉ መነሻ ተደርገው የሚጠሩት በ1978 የኢኮኖሚውን በር የከፈቱት ዴንግ ዢያኦፒንግ ናቸው። ትክክል ነው። ነገር ግን ቻይና የምትሸጠውም የምታበድረውም እምብዛም ባልነበራት ዘመን፣ የራሷ ሕዝብ ከረሃብ ገና ባላገገመበት ወቅት፣ በየአገሩ ደጅ እየዞሩ ያንኳኩት ሌላ ሰው ነበሩ። ያን ሲያደርጉ የከፈሉት ዋጋም ቀላል አልነበረም፤ ሌሎች እንዲከፍሉ የፈቀዱትም እንዲሁ።

ቹ ኤን ላይ ማርች 5 ቀን 1898 በጂያንግሱ ግዛት፣ ሁዋይአን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ የመንግሥት ሹማምንትን ያፈራ፣ በእርሳቸው ጊዜ ግን ስሙ ብቻ የቀረ ቤተሰብ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ሊሞት ለተቃረበ አጎታቸው በልጅነት ተሰጡ፤ ሰውየው ያለ ወራሽ እንዳይሞት ነው። ያሳደገቻቸውና ማንበብ ያስተማረቻቸው የአጎታቸው ሚስት ናት። በ1907 የወለደቻቸው እናታቸው፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ አሳዳጊያቸው አረፉ። አባታቸው ሥራ ፍለጋ ከአገር አገር ይንከራተቱ ስለነበር፣ ዕዳ የከበበውን ቤትና ታናናሾቻቸውን ለመጠበቅ የቀሩት የአሥር ዓመቱ ልጅ ነበሩ። ለሰው ፊት መጠንቀቅን፣ ቁጣን ዋጥ ማድረግን የተማሩት ያኔ ይመስለኛል።

በ1910 ሌላ አጎት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወሰዷቸው። ከዚያም ቲያንጂን በሚገኘው ናንካይ በተባለው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው በ1917 ጨረሱ። ቀጣዩ ጃፓን ነበር። በዚያ ዘመን ጃፓን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከኋላ ቀርነት ወጥታ ሩሲያን ድል የነሳች አገር ስለነበረች፣ ምሥጢሯን ለማወቅ ብዙ የቻይና ወጣት ይጎርፍ ነበር። ቹ ኤን ላይ ግን ቋንቋው አልሆነላቸውም። የመግቢያ ፈተናዎቹን ወደቁ። በ1919 የጸደይ ወራት ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት በኪዮቶ አቅራቢያ አራሺያማ በሚባል ኮረብታማ ሥፍራ በዝናብ ሲዘዋወሩ ዋሉና ጥቂት ግጥሞች ጻፉ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመታቸው ሲሆን፣ በእጃቸው ዲግሪም ሥራም አልነበረም።

አገራቸው ሲገቡ የተማሪዎች ንቅናቄ ተቀጣጥሎ ጠበቃቸው። በ1920 መጀመሪያ የጃፓን ዕቃ እንዳይገዛ በተካሄደ ሰልፍ ምክንያት ተይዘው ስድስት ወር ገደማ ታሰሩ። ተፈትተው በዚያው ዓመት መጨረሻ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ አቀኑ። ለንደንንም አይተውታል፤ ኑሮው ስለተወደደባቸው ወደ ፓሪስ ተመለሱ። የዕለት እንጀራቸውን በከፊል ያገኙት ለአንድ የቲያንጂን ጋዜጣ ከአውሮፓ ዘገባ እየላኩ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስለነበረው የሥራ አጥነት፣ ስለ እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ፣ ስለ ጦር ካሣ ይጽፉ ነበር። ኮሙኒስት የሆኑት እዚያው ነው። ሲሲሊ ወረቀት ላይ እየጻፈ መጽሔታቸውን የሚያባዛላቸው አጭር ወጣትም ያገኙት እዚያው ነው፤ ዴንግ ዢያኦፒንግ ይባላል።

የሚቀጥሉት ሃያ አምስት ዓመታት የጦርነትና የኅቡዕ ሥራ ዘመናት ናቸው። በ1924 ተመለሱ፤ በሁዋምፖአ የጦር አካዳሚ የፖለቲካ ክፍል ሠሩ፤ በ1925 ዴንግ ዪንግቻኦን አገቡ። በ1927 ቺያንግ ካይ ሼክ ሻንጋይ ላይ ኮሙኒስቶችን ሲጨፈጭፉ ለጥቂት አመለጡ። ከዚህ ሁሉ ለኋላ ታሪካቸው የሚጠቅመው በጃንዋሪ 1935፣ በረጅሙ ጉዞ መሀል ዙንዪ ላይ የተደረገው ስብሰባ ነው። ለተደጋጋሚው የጦር ሽንፈት ከሚጠየቁት መሪዎች አንዱ ቹ ኤን ላይ ነበሩ፤ በማዕረግም ከማኦ ዜዱንግ ይበልጡ ነበር። ጥፋታቸውን አምነው ለማኦ መንገዱን ለቀቁ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ጊዜ ከማኦ ፊት ለመቅደም አልሞከሩም።

በኦክቶበር 1949 አዲሲቱ ቻይና ስትመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 1958 ድረስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም ደርበው ያዙ። የተረከቡት በጦርነት የደቀቀ አገር ነው። ብዙም ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት ተነሳና አሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። ከሶቪየት ኅብረትና ከአጋሮቿ በቀር ከባድ መሣሪያና ፋብሪካ የሚሸጥላት አልነበረም። ያኔ ጦሩ ሆንግ ኮንግን ለመያዝ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ሳለ ለእንግሊዝ የተተወችው በቸርነት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ መግቢያ ቀዳዳ አስፈላጊ ስለነበር ነው። ቀዳዳዋ እንዳትደፈን በ1963 ድርቅ ሲመታት ከዋናው ቻይና ወንዝ ውሃ እንዲሳብላት የፈቀዱት ራሳቸው ቹ ኤን ላይ ናቸው፤ ውሃው በ1965 ደረሰ።

ዓለም በደንብ ያወቃቸው ባንዱንግ ላይ ነው። በኤፕሪል 1955 ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች በኢንዶኔዥያ ተሰበሰቡ። ከጉባኤው ቀደም ብሎ የቻይናን ልዑካን ይዞ ከሆንግ ኮንግ የተነሳው የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን በአየር ላይ ቦምብ ፈንድቶበት 16 ሰዎች ሞቱ። ቹ ኤን ላይ አልነበሩበትም፤ በሌላ መንገድ፣ በራንጉን በኩል ሄዱ። ጉባኤው ሲከፈት በርካታ ተናጋሪዎች ኮሙኒዝምን ወረፉ። ሁሉም ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር የአጸፋ ናዳ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው የተዘጋጀው ንግግራቸው ለተሰብሳቢው እንዲታደል አድርገው ሌላ አጭር ንግግር አሰሙ። የመጡት ለመጨቃጨቅ እንዳልሆነ፣ የሚለያየውን ትተው የጋራ በሆነው ላይ መነጋገር እንደሚሻል ነገሯቸው። ግብፅ በተከታዩ ዓመት ለቤጂንግ ዕውቅና ስትሰጥ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ በፊት ቻይና የግብፅን ጥጥ መግዛት ጀምራ ነበር።

ከባንዱንግ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1957 የጸደይ ወራት፣ ጉዋንግዡ ላይ የላኪዎች ንግድ ትርዒት ተከፈተ። ከተማይቱን ያኔ ካንቶን ይሏት ነበር። ሐሳቡን ደግፈው ያጸደቁትም፣ ረጅሙን መጠሪያ አሳጥረው ዛሬ ቻይናውያን የሚጠሩበትን ስም የሰጡትም ቹ ኤን ላይ ናቸው። ከመርካቶ ተነስቶ ጉዋንግዡ የሚመላለሰው ነጋዴያችን ይህን ትርዒት በሚገባ ያውቀዋል። በማዕቀብ በታጠረች አገር ውስጥ ለምዕራብ ነጋዴ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፈት መስኮት ነበር። በባህል አብዮቱ ወቅት እንኳ አልተዘጋም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። በ1956 ቹ ኤን ላይ ኢኮኖሚው ያለ አቅሙ እንዳይጋልብ አስጠንቅቀው ነበር። በ1958 ማኦ በዚሁ ምክንያት በጉባኤ ፊት ሲያበሻቅጧቸው ራሳቸውን ነቅፈው ዝም አሉ። ታላቁ እመርታ የተባለው ዘመቻ ቀጠለ። ከዚያ የመጣው ረሃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1959 ገበሬው እየሞተ ሳለ ቻይና ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወደ ውጭ ልካለች፤ ለፋብሪካ ዕቃ መግዣና ለዕዳ መክፈያ ነው። ያንን ንግድ የሚመራው ካቢኔ የእርሳቸው ነበር። በ1961 ነገሩ ተገላብጦ ከካናዳና ከአውስትራሊያ ስንዴ መግዛት ተጀመረ፤ በዚያ ዓመት ብቻ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ገባ። ይህንንም ያስፈጸሙት እርሳቸው ናቸው። አድናቂዎቻቸው ሁለተኛውን፣ ነቃፊዎቻቸው የመጀመሪያውን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የአንድ ሰው ነው።

ከሶቪየቶች ጋር ከተጣሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሌሎች አዞሩ። በ1962 ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ከሌላት ከጃፓን ጋር የንግድ ስምምነት ተፈረመ፤ በተከታዩ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ የሰው ሠራሽ ክር ፋብሪካ በዱቤ ሸጠላቸው። በ1963 መጨረሻ ደግሞ ወደ አፍሪካ ተነሱ። ካይሮ፣ አልጀርስ፣ ራባት፣ ቱኒስ፣ አክራ፣ ባማኮ፣ ኮናክሪ፣ ካርቱም፣ አስመራ፣ ሞቃዲሾ፤ በጠቅላላው አሥር አገር። ወደ ጋና ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በፕሬዚዳንት ንክሩማ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ጉዞው ይቅር ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ከመኖሪያቸው ሳይወጡ እዚያው ሄደው አነጋገሯቸው። በጉዞው መሀል ፈረንሳይ ለቻይና ዕውቅና መስጠቷን አስታወቀች።

በዚሁ ጉዞ ቻይና ዕርዳታ የምትሰጥባቸውን ስምንት መርሆዎች ይፋ አደረጉ። ብድሩ ወለድ አልባ ወይም ዝቅተኛ ወለድ ያለው ይሆናል፤ የተበዳሪው ሉዓላዊነት ይከበራል፤ ቅድመ ሁኔታም ሆነ ልዩ ጥቅም አይጠየቅም፤ መክፈያው ሲያጥር ጊዜው ይራዘማል። የመጨረሻው መርህ ከሁሉም ይገርመኛል። የሚላኩት የቻይና ባለሙያዎች ኑሯቸው ከአገሬው ባለሙያ እኩል እንዲሆን፣ የተለየ ምቾት እንዳይጠይቁ ያዛል። ዛሬ በየከተማችን በአጥር ከተከለለው የኮንትራክተር ካምፕ ጋር ለሚያስተያየው ሰው የሌላ አገር ሕግ ይመስላል። ብድሩም ቢሆን ኋላ መልኩን ለውጧል፤ በ1994 የተቋቋመው የቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ከሚያበድረው ብዙው ወለድ ያለው ነው። ኢትዮጵያ በ2021 ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት በጠየቀች ጊዜ የመንግሥታት አበዳሪዎችን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ነበሩ።

ቹ ኤን ላይ ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም። አፍሪካ ለአብዮት የተመቸች መሆኗን ሞቃዲሾና ዳሬሰላም ላይ መናገራቸው አዲስ ነፃ የወጡ መሪዎችን አስደነገጠ። ሥልጣን ገና የያዘ ሰው ሌላ አብዮት መስማት አይወድም። ይህን ጥርጣሬ ያበረደው ንግግር ሳይሆን ሐዲድ ነው። ታንዛኒያና ዛምቢያ የመዳብ መውጫ ባቡር ፈልገው ሲጠይቁ የዓለም ባንክ አያዋጣም ብሏቸው ነበር። ቻይና በ1967 ፈረመች። 988 ሚሊዮን ዩዋን፣ ያለ ወለድ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል፤ 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ከአፍሪካውያን ጋር በድንኳን እያደሩ ሠሩት፤ ከቻይናውያኑ ከ60 በላይ የሚሆኑት እዚያው ቀሩ።

ውሉ ሲፈረም ቻይና ራሷ እየተቃጠለች ነበር። የባህል አብዮቱ በ1966 ተነሳ፤ በኦገስት 1967 ቀይ ዘቦች በቤጂንግ የእንግሊዝን ሚሲዮን አቃጠሉ፤ ከአንዱ በስተቀር አምባሳደሮች ሁሉ ወደ አገር ቤት ተጠሩ። ቹ ኤን ላይ ያተረፏቸው ሰዎችና ቅርሶች ብዙ ናቸው። ያላተረፏቸውም ብዙ ናቸው። በልጅነት ያሳደጓት ተዋናይትና የቴአትር አዘጋጅ ሱን ዌይሺ በ1968 እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ወንድማቸውም በዚያው ዓመት ታሰሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች በእስሩ ትዕዛዞች ላይ የእርሳቸው ፊርማ እንዳለ ጽፈዋል። ባይፈርሙ ኖሮ ወይ ከሥልጣን፣ ወይ ከሕይወት ይወገዱ ነበር የሚል ክርክር አለ። ሊሆን ይችላል። የፕሬዚዳንቱ የሊዩ ሻዎቺ መጨረሻ ከፊታቸው ነበር። ይህ ግን ለሱን ዌይሺ ምንም አይፈይድላትም።

1971 መጣ። በኤፕሪል የአሜሪካ የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ቤጂንግ ገባ። በጁላይ ሄንሪ ኪሲንጀር ሆዴን አመመኝ ብለው ከፓኪስታን ተሰውረው በድብቅ መጡ። በኦክቶበር መጀመሪያ ደግሞ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በይፋ ቤጂንግ ገቡ፤ የቻይናው ቁጥር ሁለት ሰው ሊን ቢያኦ በአውሮፕላን አደጋ ከሞቱ ወር አልሞላቸውም ነበር፤ ሕዝቡ ገና አልሰማም። አስመራ ላይ በጎን በር የተቀበሏቸው እንግዳ በተራቸው ንጉሠ ነገሥቱን በሙሉ ክብር አስተናገዱ። የኢኮኖሚ ስምምነትም ተፈረመ። በቻይና ብድርና ባለሙያዎች የተሠራው የወረታ ወልዲያ መንገድ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጉብኝቱ ባበቃ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኦክቶበር 25፣ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የቻይናን ወንበር ለቤጂንግ ሰጠ። 76 አገሮች ደገፉ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። በ1973 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ሲጀምር ከአፍሪካ ቀዳሚው ሆነ።

በፌብሩዋሪ 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሲደርሱ ከአውሮፕላናቸው ወርደው እጃቸውን ቀድመው የዘረጉት እርሳቸው ናቸው። በ1954 ጄኔቭ ላይ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደለስ ቹ ኤን ላይን አልጨብጥም ብለዋል ይባል ስለነበር፣ ያ እጅ በዓለም ዙሪያ ተወራለት። ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ያለው ሥራ ግን ይበልጣል። ቻይና በዚያው ዓመት 10 ቦይንግ አውሮፕላኖች አዘዘች። በሴፕቴምበር ከጃፓን ጋር ግንኙነት መሠረተች። በ1973 መጀመሪያ ቹ ኤን ላይ 4.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የፋብሪካ ግዢ ዕቅድ አስጀመሩ፤ ከውስጡ 13 ትልልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ይገኙበታል። ኋላ ቻይና ሕዝቧን ማብላት የቻለችው በገበሬው ነፃነት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ማዳበሪያም ጭምር ነው።

በግንቦት 1972 የፊኛ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናው የማኦን ፈቃድ ይጠብቅ ስለነበር ጊዜ ባከነ። በ1973 ዴንግ ዢያኦፒንግ ከግዞት ተመልሰው ምክትላቸው ሆኑ። ቹ ኤን ላይ በጁን 1974 ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም ሆነው እንግዶች ይቀበሉ ነበር። በጃንዋሪ 1975 ከአልጋቸው ተነስተው በሕዝብ ጉባኤው ፊት ግብርና፣ ኢንዱስትሪ፣ መከላከያ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ዘመናዊ እንዲሆኑ የሚጠይቀውን ዕቅድ አቀረቡ። ዴንግ በኋላ ሥራ ላይ ያዋሉት ይህንኑ ነው።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1976 አረፉ። ማኦ ቀብራቸው ላይ አልተገኙም። አመዳቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ተበተነ። ልጅ አልነበራቸውም። በኤፕሪል መጀመሪያ በሙታን መታሰቢያ ቀን መቶ ሺዎች ቲያናንመን አደባባይ አበባ ይዘው ወጡ፤ ፖሊስ በተናቸው፤ ዴንግም በዚሁ ተመካኝቶ እንደገና ተሻሩ። በጁላይ የታንዛኒያና የዛምቢያ ባቡር ተመረቀ፤ ውሉን ያስፈረሙት ሰው ከሞቱ ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር።

በ1979 የጸደይ ወራት ባለቤታቸው ዴንግ ዪንግቻኦ በጃፓን ተጋብዘው ሄዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃፓን ለቻይና የመጀመሪያውን የመንግሥት ብድር ቃል ገባች። ጋባዦቹ ባልቴቷን ኪዮቶ ወስደው፣ አራሺያማ ኮረብታ ሥር የቆመ አንድ ድንጋይ አስመረቋቸው። የተቀረጸበት ግጥም በ1919 ፈተና የወደቀው ተማሪ በዝናብ ውስጥ የጻፈው ነው።